የፑኔ እንጨትና ገመድ

አግዳሚ ወንበሩ ከሩቅ ለሚያየው የጎበጠ፣ ለመቀመጫም ለመኝታም የማይመች እንጨት ነው። በአንድ ወገን ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፤ ከፍታው ላይ ሲደርስ ይጎብጥና በሌላው ወገን በአጭሩ ቁልቁል ይወርዳል። ቀረብ ብሎ እጁን ላሳለፈበት ግን ሥራው ይገባዋል። ጠርዙ ሁሉ ተልጎ ለስልሷል፤ አንድም የሚስማር ራስ ብቅ አላለም። የጉብታው ጫፍ ያረፈው ሰው ተንጋሎ ሲተኛበት ከትከሻ በታች ያሉት ሁለቱ ዝርግ አጥንቶች በሚያርፉበት ቦታ ላይ ነው። በዝቅተኛው በኩል እግር የሚረገጥበት አግዳሚ አለው። ተማሪው ሲተኛበት ወገቡ ሳይቆለመም ደረቱ ይከፈታል፤ ራሱ ወደ ኋላ ይንጠለጠላል፤ አየሩ ሳይጠራ ይገባል። ጉብታው ጥቂት ወደ ወገብ ቢወርድ ሸክሙ ሁሉ ወገብ ላይ ይወድቅ ነበር። ጥቂት ወደ ላይ ቢገፋ ደግሞ ማጅራት ይጨነቅ ነበር። አናጢው ከእንጨት ያወጣው ቅርጽ አንድን የሰውነት ክፍል ከሌላው በሚገባ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ያዘዘው ነው።

ይህ ወንበር ያለው በምዕራብ ህንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት፣ ፑኔ ከተማ በሚገኘው የራማማኒ አየንጋር መታሰቢያ የዮጋ ተቋም ነው። ዮጋ ሊማር ወደ ህንድ የሚሄድ ሰው መድረሻው ብዙ ነው፤ አንዱ በጋንጅስ ወንዝ ዳር ወዳለችው ሪሺኬሽ፣ ሌላው በደቡብ ወዳለችው ማይሶር ያመራል። ወደ ፑኔ የሚመጣው አስቀድሞ በተቋሙ መሥራች በአየንጋር የዮጋ ሥርዓት ለዓመታት የተማረ፣ ከዚያም ተራውን የጠበቀ ሰው ነው። እኔም በዚያ መንገድ ሄጄ በቆየሁባት በዚህች ከተማ ከሁሉ አስበልጬ ያደነቅሁት አንድ የእጅ ጥበብ አለ፤ ሰውነት ያቃተውን እንዲችል ከሥሩ ገብቶ፣ ሳያንስ ሳይበዛ፣ ልክ በሚያስፈልገው መጠን የመደገፍ ጥበብ። ድጋፉ ካነሰ ሰው ይጎዳል። ከበዛ ደግሞ ሰውነቱ ተኝቶ ምንም ሳይማር ይነሣል። ልኩን ያገኘ ጊዜ እንጨቱ ራሱ ያስተምራል።

የጥበቡ ባለቤት በዚህ መንገድ እንዲያስቡ ያደረጋቸው የገዛ ሕይወታቸው ነው። ቤሉር ክሪሽናማቻር ሱንዳራራጃ አየንጋር በ1918 በካርናታካ፣ ቤሉር በምትባል መንደር ተወለዱ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ጊዜው እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ ዓለምን ያዳረሰበት ነበር፤ እናታቸውም ታመው ነው የወለዷቸው። ልጁ ቀጭንና ደካማ ሆነው አደጉ፤ ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ ተፈራርቀውባቸዋል። አስተማሪ የነበሩት አባታቸው የሞቱባቸው በ9 ዓመታቸው ነው። በ1934 የእህታቸው ባል፣ ታላቁ የዮጋ መምህር ክሪሽናማቻርያ፣ ወደ ማይሶር ወሰዷቸውና ልምምዱን ጀመሩ። በ1937 ለ6 ወር እንዲያስተምሩ ወደ ፑኔ ተላኩ። የከተማዋን ቋንቋ ማራቲን አያውቁም ነበር፤ ከሚያስተምሯቸው ብዙዎቹም በዕድሜም በጉልበትም ይበልጧቸው ነበር። ቢሆንም በዚያው ቀሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2014 ድረስ ቤታቸው ፑኔ ሆነች።

ደካማ ሰውነት ይዞ ያደገ መምህር የተማሪውን ድካም በቶሎ ያያል። ጉልበቱ የማይታጠፍ ሽማግሌ፣ ወገቧን የሚያማት እናት፣ ትከሻው የደረቀ የቢሮ ሠራተኛ ወደ እሳቸው ሲመጡ ያን ሁሉ ሰው በአንድ ልክ ማሠራት አልተቻለም። በእጅ የተገኘ ጡብ፣ ድንጋይና የቤት ወንበር ከሥር እየገባ ተሞከረ። እሳቸው ሙከራውን አስቀድመው የሚያደርጉት በራሳቸው ሰውነት ላይ ነበር። ከዚያ አናጢ እየተጠራ ቅርጹ ተቀረጸ፤ ሲመች ቀረ፣ ሳይመች ሲቀር ተስተካከለ። በ1979 በስኩተር አደጋ አከርካሪያቸው ሲጎዳ ያን ሁሉ ዕቃ ለራሳቸው መዳኛ መልሰው ተጠቀሙበት፤ ለሌላው ያበጁትን ድጋፍ ልክ በገዛ ሕመማቸው ፈተኑት። ከዚያ አደጋ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ1952 ያገኛቸውና በኋላ ወደ አውሮፓ ወስዶ ያስተዋወቃቸው ቫዮሊን ተጫዋቹ የሁዲ ሜኑሂን ነው። አንድ ጣት ጥቂት ሲሳሳት ድምፁ እንደሚበላሽ የሚያውቅ ሙዚቀኛ ይህን ጥንቃቄ ቀድሞ ማወቁ አያስደንቅም።

ተቋሙ የተመረቀው በ1975 ነው። ስሙን ያገኘው በ1973 ካረፉት ከባለቤታቸው ከራማማኒ ነው። ሕንፃው ሦስት ደረጃ ኖሮት የተሠራው ለሥጋ፣ ለአእምሮና ለነፍስ ምሳሌ እንዲሆን ነው፤ 8ቱ ዓምዶች ደግሞ ፓታንጃሊ የተባለው የጥንት ሊቅ የዘረዘራቸውን 8 የዮጋ ክፍሎች ያመለክታሉ። የልምምዱ አዳራሽ ግማሽ ክብ ነው። መምህሩ ከፊት ካለው መድረክ ሆኖ የሁሉንም እግር ማየት ይችላል፤ ተማሪውም ከየትም ቦታ ሆኖ መምህሩን አያጣውም። ግድግዳው ባዶ የሚባል ቦታ የለውም፤ በአንዱ በኩል መንጠቆና ገመድ፣ በሌላው በኩል የተደራረበ ብርድ ልብስ፣ ጥግ ላይ ወንበርና የእንጨት ፈረስ። አየንጋርም በዚህ አዳራሽ እስከ እርጅናቸው ድረስ ከተማሪዎቻቸው መካከል ሆነው የየዕለት ልምምዳቸውን ይሠሩ ነበር።

የተማሪው ቀን የሚዋቀረው በዚህ አዳራሽ ዙሪያ ነው። ብዙዎቹ የውጭ ተማሪዎች ተቋሙ ባለበት በሞዴል ኮሎኒ ሰፈር ከቤተሰብ ጋር ክፍል ተከራይተው ይቀመጣሉ። ጠዋት የሚያነቃው የወፎችና የወተት አከፋፋዩ ድምፅ ነው። ባዶ ሆድ ስለሚለማመዱ ቁርስ ይዘገያል፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ ተጠጥቶ፣ ምንጣፍ በትከሻ ተንጠልጥሎ በትላልቅ ዛፎች ሥር በእግር ይኬዳል። ሰዓት የረፈደበት ባለ ሦስት እግሯን ተሽከርካሪ ያስቆማል። በአገራችን ጎዳና የምናውቃት ባጃጅ የተሠራችበት ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚሁ ከተማ ዳርቻ፣ አኩርዲ በተባለ ስፍራ ነው፤ ሐበሻ ፑኔ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው የሚያውቀውን ሞተር ድምፅ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ብዙ የአገራችን ልጆች የተመላለሱባት ከተማም ናትና እንግድነቱ ቶሎ ይለቃል። አከራይዋን ሁሉም ሰው “ካኩ” እያለ ይጠራታል፤ በማራቲ አክስት እንደማለት ነው። ካኩም ተማሪው ሳይበላ እንደማይውል፣ ሳይበላ እንደማይተኛም ታረጋግጣለች።

ምግቡ ቀላልና በጊዜው የሚቀርብ ነው። ከልምምድ በኋላ ፖሃ ይመጣል፤ ተዳምጦ የተጠፈጠፈ ሩዝ በእርድ፣ በሽንኩርትና በሰናፍጭ ፍሬ ተቁላልቶ፣ ላዩ ላይ ድንብላል ቅጠልና ሎሚ። ለምሳ ቻፓቲ፣ ምስር፣ አትክልትና እርጎ። በጾም ወራት ምስርና አትክልት ለለመደ ሰው የሥጋ አለመኖር አይከብደውም፤ የሚያስቸግረው የእንጀራ ናፍቆት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ በየመንገዱ ጥግ በትንሽ ብርጭቆ የሚቀዳው ሻይ ከወተትና ከዝንጅብል ጋር ፈልቶ ይመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው ዝናብ ክረምታችንን ያስታውሳል፤ ልብስ አይደርቅም፣ ምንጣፍ ይርሳል፣ አዳራሹ ግን ሰው አይቀንስም።

ትምህርቱ ሲጀመር ሁሉም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ምናልባት ትሪኮናሳና የሚባለው አቋቋም ይታዘዛል፤ እግር ተራርቆ፣ ጎን ዝቅ ብሎ፣ አንድ እጅ ወደ መሬት ሌላው ወደ ሰማይ። ከውጭ ለሚያየው ተራ የስፖርት እንቅስቃሴ ነው። እዚህ ላይ ነው የእንጨት ጡቡ ሥራውን የሚያሳየው። ጡቡ ቢቆም ከፍታው 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በጎኑ 12፣ ቢተኛ 7 ይሆናል፤ አንድ ዕቃ ሦስት ልክ ይሰጣል። እጁ መሬት የማይደርስ ተማሪ መሬቱን ለመንካት ሲል ደረቱን ወደ ታች ይደፋል፤ ፊቱ ወለል ያያል፣ ጎኑ ይኮማተራል፣ የፊት ጉልበቱም ወደ ውስጥ ይዞራል። ጡቡን ከቁርጭምጭሚቱ ውጭ አቁሞ መዳፉን ሲያሳርፍበት ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። የጎድን አጥንቶቹ እርስ በርስ ይራራቃሉ፤ የጉልበት ሎሚው ሽቅብ ይሳባል፤ የኋላ እግር ውጫዊ ጠርዝ ወለሉን ይጫናል። መምህርዋ በመካከል እያለፈች የአንዱን ጡብ በእግሯ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ትገፋዋለች። በዚህች ሁለት ጣት የተማሪው ዳሌ ከተረከዙ ጋር በአንድ መስመር ይገባል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲነገረው ያልገባው ነገር በዚያች ቅጽበት ይገባዋል።

ከእንጨቱ እኩል የተሠራው ንግግር ነው። መምህራኑ “ተዘርጉ” ብለው አይተዉም። የትኛው ጣት፣ የትኛው ጠርዝ፣ የትኛው ቆዳ፣ ወዴት፣ ከምን ቀድሞ፣ ከምን በኋላ እንደሆነ ይናገራሉ። ትልቁ የእግር ጣት ሥር ወለሉን ሲጫን የውስጥ ጭን ምን እንደሚሆን ይጠይቃሉ፤ ተማሪው ይመለከታል፤ መልሱን ከራሱ እግር ያገኛል። አንድ ትእዛዝ ሌላውን እየወለደ ሲሄድ ሰው ከእግሩ ጣት ጀምሮ እስከ ዐይኑ ድረስ ራሱን ያነባል። ወሩም እንዲሁ በሥርዓት የተከፈለ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት በመቆም፣ ሁለተኛው ወደ ፊት በመታጠፍ፣ ሦስተኛው ወደ ኋላ በመታጠፍ፣ የመጨረሻው በዕረፍትና በእስትንፋስ ልምምድ ላይ ያተኩራል። ከባዱ ሲመጣ የሚሸከመው ጉልበት አስቀድሞ ተገንብቷል። በ1966 የታተመው “ላይት ኦን ዮጋ” የተባለው መጽሐፋቸውም በመጨረሻው ክፍል የ300 ሳምንት የልምምድ ዕቅድ ይዟል፤ እያንዳንዱ ሳምንት ለሚቀጥለው ድጋፍ ሆኖ የተሰላ ነው።

ከሁሉም ዕቃዎች ቀላሉና ብዙ ጥበብ የተደረገበት ብርድ ልብሱ ነው። ፑኔ ውስጥ የሚጠቀሙበት በጠንካራ ጥጥ የተሸመነ፣ ሲያጥፉት ቅርጹን የሚይዝ ነው። ለሳርቫንጋሳና፣ ማለት በትከሻ ላይ ሆኖ እግርን ወደ ላይ ለሚያቆመው አቋቋም፣ ብዙ ብርድ ልብሶች በአራት ማዕዘን ታጥፈው ይደራረባሉ። ክሩ የተንጠለጠለበት ጫፍ ወደ ኋላ፣ ክብ የሆነው የእጥፋት ጠርዝ ወደ ፊት። ጠርዞቹ አንዱ ከሌላው ሳይወጣና ሳይገባ በአንድ ግድግዳ ልክ መቆም አለባቸው። ተማሪው ሲተኛ ትከሻው ከጠርዙ ጥቂት ወደ ውስጥ ያርፋል፤ ራሱ ግን ዝቅ ብሎ ወለሉ ላይ ይሆናል። በዚህ ከፍታ ምክንያት አንገት ሰውነትን አይሸከምም፤ ጉሮሮ ነፃ ይሆናል፤ ክብደቱ በትከሻና በክንድ ላይ ይቆማል። ከክርን በላይ የሚታሰር ቀበቶ ደግሞ ክንዶቹ እንዳይከፈቱ ይይዛል፤ ዘለበቱ ቆዳ እንዳይነካ ወደ ውጭ ይዞራል። ከብርድ ልብሶቹ አንዱ ብቻ ተጨማዶ ቢገባ አንዱ ትከሻ ከሌላው ይበልጣል፤ ከላዩ ያለው ሁሉ ያዘነብላል። ስለዚህ ከመገልበጥ በፊት ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በማጠፍ ነው። መምህርዋ ተጠግታ ጠርዙን በመዳፏ ትመታውና ቀጥ ያደርገዋል፤ ከዚያ ብቻ “ውጣ” ትላለች። ትምህርቱ ሲያልቅ ብርድ ልብሱ ተዘርግቶ እንደገና ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ወደ ፊት ሆኖ በረድፉ ይቀመጣል። ለሚቀጥለው ሰው የተስተካከለ ነገር መተው እዚህ የትምህርቱ አካል ነው።

ከሰዓት በኋላ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚማሩበት ክፍል አለ። ያን ክፍል ያየ ሰው የእንጨቱና የገመዱ ጥበብ ወዴት እንደሚደርስ ይረዳል። ግድግዳው ላይ በሁለት ከፍታ በተተከሉት መንጠቆዎች ወፍራም ገመድ ይንጠለጠላል። አንድ በወገብ ሕመም የሚሠቃይ ሰው ገመዱን በጭኑ ሥር፣ ብሽሽቱ ጋ አሳልፎ ወደ ፊት ይታጠፋል። ገመዱ የጭኑን አጥንት ወደ ግድግዳው ሲይዘው አከርካሪው በራሱ ክብደት ይረዝማል፤ ክንዶቹ ምንም አይሸከሙም። አንገቷን የሚያማት ሴት ደግሞ ራሷ ወለል ሳይነካ በገመዱ ተገልብጣ ትንጠለጠላለች፤ በራስ የመቆምን ጥቅም ያለ ጭነቱ ታገኛለች። መምህሩ አንድ ብርድ ልብስ ከሥር ይጨምራል፤ ያያል፤ ፊቷን ያነባል፤ ያወጣዋል፤ በግማሽ አጥፎ እንደገና ያስገባዋል። ፊቷ ሲፈታ ያቆማል። በዕድሜዋ ሁሉ ስትታገል የኖረች ጡንቻ ስትለቅ ግንባር ላይ ይታያል፤ መምህሩ የሚፈልገውም ያን ምልክት ነው። መምህሩ እንጨቱን ወይም ገመዱን እየተመለከተ አይሠራም። ዐይኑ ከተማሪዋ ፊት አይነሣም፤ እጁ ግን ያለ ስሕተት ትክክለኛውን ዕቃ ከክምሩ ያወጣል።

በዚህ ሥራ የተቋሙ መሥራች የአየንጋር ልጅ ጊታ አየንጋር ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የሴት ሰውነት በወር አበባ፣ በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ የተለየ ድጋፍ እንደሚሻ አጥንተው ለያንዳንዱ ጊዜ የሚስማማውን ቅደም ተከተል አበጁ። ሆድ ሳይጨናነቅ ደረት የሚከፈትበት፣ ጀርባ በትራስ ተደግፎ እግር የሚዘረጋበት አተኛኘት ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራው በአብዛኛው በእሳቸው እጅ ተስተካክሎ ነው። በ2018፣ የአባታቸው 100ኛ የልደት ዓመት በተከበረ በሁለተኛው ቀን፣ አረፉ።

ትምህርት በሌለበት ቀን በአሮጌው ከተማ፣ ካስባ ፔት ውስጥ ወዳለው ታምባት አሊ ወደሚባለው ሰፈር መሄድ ይገባል። ከመሳፍንቱ ከፔሽዋዎች ዘመን ጀምሮ መዳብ ቀጥቃጮች የሚኖሩበት ነው። ከሩቅ መዶሻው ይሰማል። አንድ ሰው የመዳብ ዕቃ በብረት ድጋፍ ላይ አስቀምጦ ይቀጠቅጠዋል፤ በየምቱ ትንሽ ክብ ጎድጓዳ ይተዋል፤ ጎድጓዳዎቹ ረድፍ ይዘው፣ እኩል ተራርቀው፣ ዕቃውን ዙሪያውን ይሸፍኑታል። ውበት ብቻ አይምሰላችሁ፤ መዳብ በተመታ ቁጥር ይጠነክራል፣ ስስ የነበረው ቅጠል ሸክም የሚችል ይሆናል። ምቱ ግን እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ቢበረታ መዳቡ ይሳሳል፣ ቢላላ ደግሞ ለስላሳ ቦታ ይቀራል። ከሥር ያለው ድጋፍ ባይኖር መዶሻው ዕቃውን ይጨፈልቀው ነበር። አዳራሹ ውስጥ በየቀኑ ያንኑ አቋቋም በዚያው ጥንቃቄ ደጋግሞ የሚሠራ ተማሪ የሚያገኘው ጥንካሬ ይህን ይመስላል፤ እኩል ምት፣ ከሥርም ልኩን የጠበቀ መቀበያ።

ዛሬ የዮጋ ጡብ ከስፖንጅ ተሠርቶ በየከተማው የስፖርት ዕቃ መደብር ይሸጣል። ቀበቶውም ትራሱም በየጂሙ አለ። ዕቃው ዓለምን ዞሯል፤ ልኩን የማግኘቱ ትዕግሥት ግን አብሮ ያልተሸጠበት ቦታ ብዙ ነው። ስፖንጁ ከሥር ገብቶ ተማሪው እንዲመቸው ብቻ ከተደረገ፣ የተሠራበት ምክንያት ጠፍቷል ማለት ነው። በፑኔ ድጋፍ የሚገባው ተማሪው ያላየውን የገዛ ሰውነቱን ክፍል እንዲያይ ነው። ያን ካየ በኋላ ጡቡ ከቆመበት ወደ ጎኑ ይወርዳል፤ ከጎኑ ወደ ሆዱ፤ አንድ ቀን እጁ ራሱ ወለሉን ያገኛል። ሌላው ደግሞ ዕድሜ ልኩን በጡብ ይሠራል፤ እሱም ሥራውን አላጎደለም፤ ትክክለኛው ቅርጽ ለእሱ በዚያ ከፍታ ላይ ይገኛል።

ጥበቡ ከቤት ዕቃ የተወለደ በመሆኑ ወደ ቤት ለመመለስም አያስቸግርም። አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ የጎበጠ ሰው አንድ ጋቢ በርዝመቱ ጠበብ አድርጎ ያጥፍ፤ ጠርዞቹ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ይመለስበት። ወለል ላይ አኑሮ ከትከሻው በታች ያሉት አጥንቶች እንዲያርፉበት ተንጋሎ ይተኛ፤ ራሱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ሌላ እጥፋት ከሥሩ ያግባ፤ ባቶቹን ወንበር ላይ ያሳርፍ። ወገቡ ከተቆለመመ ጋቢውን ጣት ያህል ወደ ላይ ይሳብ፤ ጉሮሮው ከጠነከረ የራሱን ድጋፍ ከፍ ያድርግ። ደረቱ ሳይገደድ ሲከፈት ልኩን አግኝቷል። ያን ልክ ለማግኘት አንድ ሰው በፑኔ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቷል፤ የሠራውም ነገር በማንኛውም ቤት፣ በማንኛውም ጋቢ ላይ ይሠራል።